የደረሰ ሰው ምህላ

የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድን፣ በዓል ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29፣ ማለትም ከማስተሥረያ ቀን ሃምሳ ቀን በኋላ፣ በየዓመቱ በመንግሥት ሥርዓት እንዲከበርና በትምህርት ቤቶች እንዲወሳ ተደነገገ። ይህ ሲሆን የቤተ እስራኤል ሕዝብ አብዛኛው ክፍል እስራኤል ከገባ ውሎ አድሯል። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ስምንት ሺህ ያህል ሰው በሱዳን በኩል ገባ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ስግድ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት የሚለመንበት ቀን ሆኖ ነው። እንግዲህ መንግሥት ዕውቅና የሰጠው ለየትኛው ልመና ነው? አባቶች «አድርሰን» እያሉ የወደቁለት ምድር ዛሬ ልጆቻቸው ግብር የሚከፍሉበት፣ በውትድርና የሚያገለግሉበት አገር ነው። የተመለሰ ጸሎት ምን ይደረጋል? ይቆማል ወይስ ይቀጥላል?

በብዛት የሚሰጠው መልስ ቅርስ ነው የሚል ነው። አባቶች ያደርጉት ነበር፣ ልጆችም እንዳይረሱ ያደርጉታል፤ ማኅበረሰቡ በነጭ ልብስና በባለ ቀለም ጃንጥላ ይታያል፤ አገሩም ምን ያህል ኅብር እንዳለው ይመሰክርበታል። ይህ መልስ ደግነት አይጎድለውም። ይሁን እንጂ በዓሉን ያሳንሰዋል። ቅርስ ከሆነ የሚመለከተው የቅርሱን ባለቤቶች ብቻ ነው፤ ሌላው አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔ የምከራከረው ስግድ ከመነሻው ገና ያልደረሰ ሰው ልመና ብቻ እንዳልሆነ፣ በውስጡ የሚነበበው ቃል የደረሰ ሰው ኑዛዜ እንደሆነ ነው። ይህ እውነት ከሆነ በዓሉ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ሕዝቡ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው፤ የሚመለከተውም ከጎንደር የመጣውን ብቻ አይደለም።

ሥርዓቱን እንየው። በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜንና በትግራይ ተበታትነው ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች ለስግድ ወደተመረጠ ከፍታ ይሰበሰቡ ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ከጎንደር ከተማ እምብዛም የማትርቀው አምቦ በር ዋነኛዋ መሰብሰቢያ ሆነች። ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሳይቀምስ ይወጣል። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ፤ ሕዝቡ ይከተላል፤ ከተከታዮቹም ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፣ ራስን ዝቅ ለማድረግ። ከላይ ሲደረስ በግዕዝ ይነበባል፣ ለሕዝቡም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። የሚነበበው በሲና ተራራ ትእዛዛቱ የተሰጡበት ታሪክ፣ ቃል ኪዳን ለሚጠብቅ የተገባው በረከትና ለሚያፈርስ የተነገረው መርገም፣ ከዚያም መጽሐፈ ነህምያ ነው። ይሰገዳል፣ ይለቀሳል፣ ምህላ ይደረሳል፤ በዓሉንም ምህላ ብለው የሚጠሩት አሉ። ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ይወርዳል፣ ጾሙ ይፈታል፣ የቀረው ቀን የመብልና የእስክስታ ነው። ስለ መነሻው ብዙ ይባላል። አንዳንዱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ጋር፣ በተለይም ከአባ ሰብራ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ አንዳንዱ እስከ ዕዝራ ድረስ ይወስደዋል። የመነሻው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ንባቡ ነው፤ የሥርዓቱ ሐሳብ ያለው በንባቡ ነውና። ሃምሳ ቀኑንም ብዙዎች የሚያብራሩት እንዲሁ ነው፦ ከፋሲካ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ የኦሪቱ መሰጠት እንደሚታሰብ፣ ከማስተሥረያ ቀን ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ ሕዝቡ ኦሪቱን እንደገና ይቀበላል። ማስተሥረያ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ የሚቆምበት ነው፤ ስግድ ሕዝብ እንደ ሕዝብ የሚቆምበት።

አሁን ነህምያን ማን፣ የት፣ መቼ ብለን እንጠይቀው። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ የሙሴን ሕግ ያነበበው በኢየሩሳሌም በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ነው። ሰሚዎቹ ከምርኮ የተመለሱት ናቸው። ቅጥሩ ታድሷል፣ በሮቹ ቆመዋል፣ ሕዝቡ በየከተማው ሰፍሯል። ሌዋውያኑ እየተረጎሙ ያስረዱታል፤ ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማቅ ለብሶ፣ ትቢያ ነስንሶ፣ ጾሞ ይሰበሰባል። ዘጠነኛው ምዕራፍ የዚያ ቀን ጸሎት ነው፤ ከፍጥረት ጀምሮ አብርሃምን፣ ግብፅን፣ ባሕሩን፣ ምድረ በዳውን፣ የርስቱን መውረስ ቆጥሮ ሲጨርስ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይናገራል፦ ለአባቶች በተሰጠችው በዚህች ምድር ላይ እኛ ዛሬ ባሮች ነን፣ ፍሬዋም ለእኛ አልሆነም ይላል። በስደት ያለ ሰው እንዲህ አይጸልይም። ይህ ጸሎት መመለስን የሚለምንበት ቦታ የለውም፤ ተመልሷልና። የሚናዘዘው መመለሱ ብቻውን እንዳልበቃ ነው። የጎንደር ቄሶች ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ለዘመናት ያነበቡት በኢየሩሳሌም ውስጥ የተደረገን ኑዛዜ ነበር፤ የስግድ ሥርዓትም ያንን ጉባኤ መስሎ የተሠራ ነው፦ ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ትርጓሜው፣ ከኅዘን ወደ ደስታ መሸጋገሩ።

ለዚህ የመጀመሪያው መቃወሚያ ቀላልና ጠንካራ ነው። በተራራው ላይ የቆመው ገበሬ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ የነህምያን ምዕራፎች እየመረመረ አልነበረም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድን ይመኝ ነበር። የበዓል ትርጉም ያለው በአክባሪው ልብ ነው፤ ደረቅ ንባብ አንሥቶ ትርጉሙ ይህ ነበር ማለት ሕዝቡን ስለ ገዛ በዓሉ ማስተማር ነው፣ ይባላል። ምኞቱ እውነተኛ መሆኑን የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው በእግር ተነሥተዋል፤ ትግራይ ሲደርሱ ብዙዎች በረኃብና በበሽታ አልቀዋል። እንደዚህ የሚመኝን ሕዝብ የጽሑፍ ተንታኝ አስመስሎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሆኖም ሥርዓትን የሚያቆየው የአንድ ትውልድ ስሜት ብቻ አይደለም። ሥርዓት ስሜቱ ሲለወጥም የሚናገረው ቃል አለው፤ የሚያነበው ክፍል፣ የሚጾመው ጾም፣ የሚሸከመው ድንጋይ። ድንጋዩን ነው ልብ ማለት የሚገባው። የናፈቀ ሰው ድንጋይ አይሸከምም፤ ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው። በመርገሙ ንባብ ውስጥም ስደት ራሱ የመጣው ቃል ኪዳን በመፍረሱ ነው፤ ስለዚህ በተራራው ላይ ንስሐ ይቀድማል፣ ኢየሩሳሌም ትከተላለች። ናፍቆቱ ከኑዛዜው ላይ የበቀለ ነው። ናፍቆቱ ሲሞላ ኑዛዜው ሥሩን አያጣም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከታሪክ ይነሣል። ነህምያ ስለ ባርነት የተናገረው ለፋርስ ነገሥታት እየገበረ ነው፤ ዛሬ እስራኤል ሉዓላዊ መንግሥት ነው፤ ጸሎቱ አይገጥምም። ይህን የሚል ሰው ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ይመለስ። እዚያ ድኾች የሚጮኹት በፋርስ ላይ አይደለም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነው። እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘዋል፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል፣ አበዳሪዎቹም የአይሁድ መኳንንት ናቸው። ነህምያ ተቆጥቶ ጉባኤ ይሰበስባል፤ ከባዕድ የተቤዠነውን ወንድም እናንተ መልሳችሁ ትሸጣላችሁን የሚል ወቀሳ ያቀርባል፤ መልስ አጡ ይላል መጽሐፉ። የመመለስ ችግር ሁልጊዜ ይኸው ነው፦ ከስደት የተመለሰ ሰው ከባዕድ ጌታ ይድናል፣ ከወንድሙ ግን አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1985 ገና እንደገቡ የአይሁድነታቸውን ሙሉነት ለማጽናት በውኃ መጠመቅ አለባችሁ የተባሉት ሰዎች በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ወንድሞቻቸውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ እንደኖረ ሲያውቁ አደባባይ የወጡትም በወንድሞቻቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል በመቃወም መንገድ የዘጉት ወጣቶች አማርኛውን እንኳ በቅጡ የማይናገሩ፣ እዚያው የተወለዱ ብዙዎች ነበሩባቸው። ደርሶ መጨነቅ ምን እንደሆነ እነዚህ ያውቃሉ፤ ከእነርሱ በላይ ለነህምያ ንባብ የሚቀርብ አድማጭ አይገኝም።

ጥያቄው አዲስም አይደለም። ከባቢሎን የተመለሱት ራሳቸው ጠይቀውታል። በዘካርያስ ትንቢት ሰባተኛው ምዕራፍ መልእክተኞች ወደ ካህናቱና ወደ ነቢያቱ መጥተው፣ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበትን የአምስተኛውን ወር ጾም ይህን ያህል ዓመት እንዳደረግነው እንቀጥል ወይ ይላሉ። ቤቱ እየታነጸ ነው፤ ለፈረሰው መጾም ምን ትርጉም አለው? ነቢዩ አዎን ወይም አይደለም አይልም። መልሶ ይጠይቃቸዋል፦ ስትጾሙ ለማን ጾማችሁ? ከዚያም የእውነት ፍርድ ፍረዱ፣ መበለቲቱን፣ ድኻ አደጉን፣ መጻተኛውንና ችግረኛውን አታስጨንቁ ይላል። የጾሙ ቀን ወደ ደስታ እንደሚለወጥ የሚናገረው ከዚህ በኋላ ነው። አይሁድም ይህን መልስ በልባቸው አኑረውታል። በፋሲካ ማዕድ ፍጻሜ የሚነገረውን የኢየሩሳሌም ምኞት በከተማዋ የሚኖሩትም ይሉታል፤ እዚያ «የታነጸች» የሚል ቃል ይታከልበታል እንጂ አይቀርም። ያው የአምስተኛው ወር ጾም፣ የአብ ዘጠነኛ ቀን ጾም፣ የእስራኤል መንግሥት ከቆመ ወዲህም አልተተወም። እንግዲህ ስግድ ላይ ብቻ «ደርሳችኋል፣ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ አድልዎ ይመስለኛል። ለሌላው ጥልቅ ሃይማኖታዊ ምሥጢር የሆነው ለጎንደሩ ሰው ትዝታ ይሆንበታል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በሕግ የታወቀ በዓል ይሞታል የሚሉ አሉ፤ የሞሮኮ አይሁድ የሚሙናን ዕጣ ያሳያሉ፤ ከፋሲካ ማግሥት የነበረው የቤተሰብና የጎረቤት በዓል ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ፖለቲከኞች ጣፋጭ ሊቀምሱ በሚመጡበት ድንኳን ነው። የስግድም ሥርዓት በኢየሩሳሌም በአርሞን ሀናጺቭ ከፍታ፣ ከአሮጌይቱ ከተማ ትይዩ ሲደረግ፣ ከቄሶቹ ንባብ ይልቅ የባለሥልጣናቱ የእንኳን አደረሳችሁ ንግግር በድምፅ ማጉያ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል። አደጋው አለ። ሕጉ ባይኖርስ ብለን ግን እናስብ። ልጆች በትምህርት ቤት ሐኑካን ያከብራሉ፤ ሐኑካ ደግሞ በኢትዮጵያ የነበሩት ቤተ እስራኤል የማያውቁት በዓል ነው፣ ታሪኩ ከእነርሱ መለየት በኋላ የሆነ ነው ይባላልና። አንዱ ወገን የሌላውን በዓል ሁሉ ተቀብሎ የራሱን ለብቻው በጓዳ ቢያከብር ይህ መቀበል እንጂ መገናኘት አይባልም። ሕግ ትርጉም አይሰጥም፤ ቀን ግን ይሰጣል። ያንን ቀን በምን እንደሚሞሉት የሰዎቹ ፋንታ ነው። አንድ ቀን ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ሊኖር እንደሚችልም እዚያው አገር ምስክር አለ። ኢያር 28 ለመንግሥቱ የኢየሩሳሌም ቀን፣ እ.ኤ.አ. የ1967ቱ ጦርነት ድል መታሰቢያ ነው፤ ለቤተ እስራኤል በሱዳን መንገድና በመጠለያ ያለቁት፣ አራት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ የሚገመቱት ወገኖች የሚለቀስላቸው ቀን ነው። በሔርጽል ተራራ መታሰቢያቸው ቆሟል። በዚያው ቀን በአንዱ ሰፈር ሰንደቅ ይውለበለባል፣ በሌላው ስም እየተጠራ ይለቀሳል። ማንም አንደኛው ትርጉም ሁለተኛውን ሰረዘው አላለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ መቃወሚያ ከራሱ ከነህምያ መጽሐፍ የሚወጣው ነው። ያ ጉባኤ የተናዘዘው ከባዕዳን ሁሉ ራሱን ለይቶ ነው። በሰባተኛው ምዕራፍ ደግሞ የትውልድ መዝገባቸው ተፈልጎ ያልተገኘ ሰዎች ከክህነት ይከለከላሉ። ይህን መጽሐፍ የፍትሕ ምስክር አድርጎ ማቅረብ አንዱን ገጽ ከፍቶ ሌላውን መዝጋት አይሆንምን? ይሆናል፣ ዝም ካልነው። የመዝገብ ነገር በቤተ እስራኤል ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። ቄሶቻቸው በአገራቸው ሕዝቡን ሲያጋቡና ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ በእስራኤል በመንግሥት የሚመዘገብ ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን ግን በረቢዎቹ እጅ ቀረ። በሌላ በኩል አያቶቻቸው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ወደ ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታትን ሲጠብቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የቀሩትን ለማምጣት ከወሰነ በኋላም ሲጓተቱ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥም «እነዚህማ» ብሎ የሚጠራጠር አልጠፋም። መዝገብ የተጠየቀው ሕዝብ መዝገብ ጠያቂ ሆኖ መገኘት ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉን ከነሻካራው ማንበብ ይሻላል እላለሁ። ዘሩ አልተገኘም ተብሎ የተገፋውን ሰው የሚያስታውስ መጽሐፍ፣ የመገፋቱ ነገር በኑዛዜ ቀን እንዲነሣ ያስገድዳል። ለስላሳ የሆነ ንባብ ይህን አያደርግም።

ይህ ሁሉ የሚያደርሰን ወደ አንድ ጥያቄ ነው፦ ስግድ የማን ነው? ሕጉ የአገሪቱ በዓል ይለዋል፤ በተግባር ግን የአንድ ማኅበረሰብ በዓል ተደርጎ ይከበራል፣ ሌላው እንግዳ ሆኖ ይመጣል። በነህምያ ዘጠነኛ ምዕራፍ የሚናዘዘው ማን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። ሕግህን ያልጠበቁ ተብለው በስም የሚጠሩት ነገሥታት፣ አለቆች፣ ካህናትና አባቶች ናቸው። ከቶ ይህን ክፍል ለመስማት ፊት ለፊት በክብር ወንበር ከተቀመጡት ሹማምንት የሚቀርበው ማን ነው? ጾሙን የሚጾመውና ከዳገቱ ላይ የሚሰግደው ግን በአብዛኛው ከሾፌርነቱ፣ ከጽዳቱ ሥራ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው ለአንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ በአውቶቡስ የመጣው ነው። በኑዛዜው የተጠራው ሹም ሰላምታ አቅርቦ ይሄዳል፤ ያልተጠራው ይናዘዝለታል። የጥንቱ ጉባኤ እንዲህ አልነበረም። ከጸሎቱ በኋላ ቃል ኪዳን በጽሑፍ ሆነ፤ አለቆቹ፣ ሌዋውያኑና ካህናቱ በየስማቸው አተሙበት፤ የገቡበትም ግዴታ ዝርዝር ነበር፣ የሰንበቱ ገበያ፣ በሰባተኛው ዓመት ዕዳን መተው፣ ለቤተ መቅደሱ የሚሰጠው መዋጮ። ስለ ዕዳ የተጻፈው ለቅኔ አልነበረም፤ በአምስተኛው ምዕራፍ የጮኹት ድኾች መልስ ነበር።

ሹማምንቱ አይምጡ ማለት ግን አልፈልግም። ይምጡ፣ ነገር ግን አይናገሩ። በሚቀጥለው ስግድ ቄሱ ዘጠነኛውን ምዕራፍ በግዕዝ አንብበው ሲጨርሱ ያው ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕብራይስጥ ይነበብ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ንግግሩ ይቅር፣ ለሹማምንቱም ወንበር አይዘርጋላቸው፤ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ይስሙ።